የአባቴ የሠራዊት ስንብት ደብዳቤ ስህተቶች በየት በኩል ይታረማሉ?

የቢቸናው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከእነማይ ወረዳ፣ ከቢቸና ከተማ ነው። አባቴ የባድመ ጦርነት በተቀሰቀሰበት ዓመት፣ በሐምሌ 1990 ዓ.ም.፣ ከአካባቢያችን ከተመለመሉ ወጣቶች ጋር መከላከያ ሠራዊትን ተቀላቅለው እስከ ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ድረስ በተለያዩ ክፍሎች አገልግለዋል። በጦርነቱ ጊዜ እግራቸው ላይ የደረሰባቸው ቁስል ከዓመታት በኋላ እየጠናባቸው ስለ ሄደ በሕክምና ቦርድ ውሳኔ ተሰናብተው ዛሬ በጡረታ አበል ይኖራሉ።

ነገሩ የተነሣው አበሉን የሚቀበሉበት ባንክ ሒሳባቸውን ከፋይዳ መታወቂያቸው ጋር እንዲያገናኙ በጠየቃቸው ጊዜ ነው። በሒሳቡ ላይ ያለው የአያት ስም በፋይዳው ላይ ካለው የተለየ ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡ የተከፈተው በጡረታ መታወቂያቸው፣ የጡረታ መታወቂያው የተሰጠው ደግሞ በስንብት ደብዳቤው መሠረት በመሆኑ ደብዳቤውን ከተቀመጠበት አውጥተን ቃል በቃል አነበብነው። ከስሙ ሌላ ሁለት ስህተት አገኘንበት። አንደኛው የትውልድ ዘመናቸው 1977 ተብሎ መጻፉ ነው፤ እርሳቸው ግን የተወለዱት በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ሠራዊቱን የተቀላቀሉበት ዘመን 1992 መባሉ ነው፤ በዚህም የተነሣ አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገሉ ሰው የአሥራ አምስት ዓመት አገልግሎት ብቻ ተይዞላቸዋል።

በከተማችን የጠየቅናቸው ሰዎች የሚሰጡን ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። አንዱ የቀበሌ መታወቂያቸውንና ፋይዳቸውን በደብዳቤው ላይ ባለው ስም ማስለወጥ ቀላሉ መንገድ ነው ይለናል። ሌላው ስሙንም ዕድሜውንም ዘመኑንም በአንድ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አቅርበን እንድናስወስን ይመክረናል። ገንዘብ ከከፈልን ደብዳቤውን አስተካክሎ የሚያመጣልን ሰው እንዳለ የነገረንም አለ፤ አባቴ ግን ይህ ነገር በቤታቸው እንዲነሣ እንኳ አልፈቀዱም። ደሜን ያፈሰስሁበትን አገልግሎት በሐሰት ወረቀት አላስመሰክርም ነው ያሉት።

እንድታስረዱኝ የምለምናችሁ ይህን ነው። ማመልከቻው በመጀመሪያ ለማን ይቀርባል? ፍርድ ቤት መሄድ ግዴታ ነው ወይ? አባቴ እንደ ልባቸው መንቀሳቀስ ስለማይችሉና የአዲስ አበባውም መንገድ በዚህ ወቅት አስተማማኝ ስላልሆነ እኔ በስማቸው ልጨርስላቸው እችላለሁ ወይ? የጎደለው ሁለት ዓመት ቢታረምስ በአበላቸው ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ?


ጡረተኛው ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ያንን ሰው አላስቀርብም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ስርዝ ድልዝ የታየበት ወይም ማኅተሙ የሚያጠራጥር ደብዳቤ ከቀረበ በኋላ እውነተኛው ስህተት ራሱ የሚያምነው ሰው ያጣል፤ ከዚያም በላይ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ በወንጀል ያስጠይቃል። እኔ በሠራዊቱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሰው ኃይል ክፍል ስለ ሠራሁ ደብዳቤው እንዴት እንደሚወጣ አውቃለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

የስንብት ደብዳቤ ራሱን የቻለ መዝገብ አይደለም። እያንዳንዱ የሠራዊት አባል የግል ማኅደር አለው። በማኅደሩ መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ሲቀጠር የተሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ነው፤ ስሙ እስከ አያቱ፣ የተወለደበት ቀንና ስፍራ፣ የወላጆቹ ስም፣ የቅርብ ተጠሪው፣ ፎቶግራፉና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው በእርሱ ላይ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የሥልጠና ማጠናቀቂያው፣ ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረባቸው ደብዳቤዎች፣ የማዕረግ ዕድገቱ፣ የሕክምና ወረቀቶቹና የመሳሰሉት በየጊዜያቸው ይታሰራሉ። የስንብት ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት መስመር ቀንጭቦ ያወጣል፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ በሚሰናበትበት ጊዜ ደግሞ ከማኅደሩ ሳይሆን አስቀድሞ ከተዘጋጀ የስም ዝርዝር ይገለብጣል። አብዛኛው ስህተት የሚገባው በዚህ መካከል ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ስህተቱ በደብዳቤው ላይ ብቻ ያለ መሆኑ ወይም በማኅደሩም ውስጥ መኖሩ ነው። ማኅደሩ ትክክል ሆኖ ደብዳቤው ብቻ ከተሳሳተ፣ ጉዳዩ የግልበጣ ስህተት ነውና የሚመለከተው ክፍል ማኅደሩን ገልጦ ካመሳከረ በኋላ የማስተካከያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ፍርድ ቤትም ምስክርም አያሻም። ማኅደሩ ራሱ ከተሳሳተ ግን ጸሐፊው በራሱ ሥልጣን ሊለውጠው አይችልም፤ ሊለውጠውም አይገባም። ሰዎች ዓመታት የሚያባክኑት እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ስለሚነሡ ነው። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ማመልከቻ "ይታረምልኝ" ብቻ የሚል ባይሆን እመርጣለሁ። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፦ "በዚህ ቀንና በዚህ ቁጥር በተሰጠኝ የስንብት ደብዳቤ ላይ የሰፈሩት የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመንና የቅጥር ዘመን ስቀጠር ከሞላሁት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ጋር ተመሳክረው፣ ልዩነት ከተገኘ የማስተካከያ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፣ ልዩነት ከሌለም ይኸው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።" የመጨረሻዋን ሐረግ አትተዋት። መልሱ አይሆንም ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ከተሰጣችሁ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የምትሄዱበት መነሻ ይሆናችኋል። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የአባትህን የሠራዊት መለያ ቁጥር፣ ማዕረጋቸውንና ያገለገሉባቸውን ክፍሎች በቅደም ተከተል ጻፍ፤ በስም ብቻ የሚፈለግ ማኅደር በተመሳሳይ ስሞች መካከል ይጠፋል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለመከላከያ ሚኒስቴር ሆኖ የሰው ሀብትን ለሚመራው ክፍል ነው። አባትህ የተሰናበቱበት ክፍል ዛሬ በሌላ አደረጃጀት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ክፍሉን ስትፈልግ አትድከም። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ከማሰብህ በፊት አበላቸውን የወሰነው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት በአቅራቢያችሁ ባለው ቅርንጫፉ በኩል የጡረታ ማኅደራቸውን እንዲያሳያችሁ ጠይቅ። አበል የሚወሰነው ከሠራዊቱ በተላከ ማስረጃ ላይ ስለሆነ፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹ ወይም የአገልግሎት ማስረጃው ግልባጭ እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ ከተገኘ ግማሹ ድካም ቀርቶላችኋል።

ስለ ትውልድ ዘመኑ የጻፍኸውን ሳነብ ወዲያው የታየኝ የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። ጥቅምት 1970 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1977 ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስምንት ዓመት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በኮምፒዩተር የተመዘገበ ዝርዝር በአውሮፓውያን ዘመን ተይዞ ሳለ ደብዳቤው ሲጻፍ "ዓ.ም." ተቀጥሎበት የወጣባቸውን በርካታ ሰዎች አይቻለሁ። ማስረጃውም ራሱ ደብዳቤው ነው፤ በ1977 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በ1992 ዓ.ም. ተቀጠረ ማለት በአሥራ አምስት ዓመቱ ወታደር ሆነ ማለት ነው፤ ሠራዊቱ ደግሞ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ሰው አይቀጥርም። ይህን በማመልከቻው ውስጥ በአንድ አንቀጽ ግልጽ አድርገህ አስረዳ፤ የሚያነበው ኃላፊ ሌላ ማስረጃ ሳይጠይቅ ስህተቱን ይረዳዋል።

የቅጥር ዘመኑ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚያስከትል ነው። ጦርነቱ በ1992 ዓ.ም. ክረምት ሲቆም ክፍሎች እንደገና ሲደራጁ አዲስ መዝገብ የተከፈተላቸው አባላት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ አገልግሎታቸው ከአዲሱ መዝገብ ቀን ጀምሮ የተቆጠረባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። አባትህ በ1990 እና በ1992 መካከል ደመወዝ የተከፈላቸው መሆኑን የሚያሳይ ማናቸውም ወረቀት፣ የሥልጠና ማጠናቀቂያ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ የቆሰሉ ጊዜ የታከሙበት የሆስፒታል ካርድ ካለ ፈልጉት። ከሁሉ የሚበልጠው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ነው። አብረዋቸው የነበሩ ጓዶች የሚሰጡት ቃል ማኅደሩ በየትኛው ክፍል እንደሚፈለግ ለማመልከት ይረዳል፤ የጽሑፍ ማስረጃን ግን አይተካም። የጋራ ፎቶግራፍም ቢሆን ለማስታወሻ እንጂ ለዚህ ጉዳይ አይበጅም።


ጠበቃ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ጋሼ የጻፉልህ ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የሕጉን በኩል ልጨምርልህ።

አስቀድሜ የማስጠነቅቅህ ስለ ዕድሜው ነው። ብዙ ሰው ፍርድ ቤት ዕድሜን ከወሰነለት ጡረታውም አብሮ የሚስተካከል ይመስለዋል። የጡረታ ሕጉ ግን የሚከተለው ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበውን ዕድሜ ነው፤ በኋላ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀትም ሆነ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያንን አይለውጠውም። ሕጉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ የመጦሪያ ዕድሜው ሲቃረብ ዕድሜውን እያስቀነሰ ወይም እያስጨመረ እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ የአባትህ መከራከሪያ "ትክክለኛው ዕድሜዬ ይህ ነው" የሚል ሳይሆን "መጀመሪያ ያስመዘገብሁት ዕድሜ ይህ ሆኖ ሳለ ደብዳቤው በስህተት ሌላ ጻፈብኝ" የሚል መሆን አለበት። ሁለቱ አነጋገሮች በሕግ ፊት እጅግ የተራራቁ ናቸው። ዕድሜን ለፍርድ ቤት ያቀረበ ሰው ጉዳዩ ሳይጠቅመው ይቀራል፤ አንዳንዴም የመጀመሪያውን ቅጽ የሚቃረን ውሳኔ በእጁ ይዞ ራሱን አጠራጣሪ ያደርጋል።

ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው በስሙ በኩል፣ ያም ስሙ በመጀመሪያው ቅጽ ላይም የተለየ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። እንደዚያ ከሆነ አባትህ ለወረዳው ፍርድ ቤት አመልክተው ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መጠሪያ መሆናቸው እንዲረጋገጥላቸው ይጠይቃሉ። የሚጠየቀው የስም ለውጥ አለመሆኑን ልብ በሉ። የቀበሌው ማስረጃ፣ የሚያውቋቸው ምስክሮች፣ በሁለቱም ስም የወጡ ሰነዶች ይቀርባሉ፤ ውሳኔው ሲሰጥ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጩ ከማመልከቻው ጋር ይያያዛል። የቀበሌውን መታወቂያና ፋይዳውን በተሳሳተው ስም ማስለወጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የመሬት የይዞታ ደብተራቸው፣ የጋብቻ ማስረጃቸውና የልጆቻቸው ስም ሁሉ በትክክለኛው ስም ሳለ አንዱን ደብዳቤ ለማስማማት ሌላውን ሁሉ ማናጋት ይሆናል። ነገ የውርስ ጉዳይ ሲነሣ የሚደርስባችሁን እንግልት በየዕለቱ በችሎት አየዋለሁ።

የሁለቱን ዓመት ዋጋ ለጠየቅኸው፣ አባትህ በተሰናበቱ ጊዜ ይሠራበት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት የአገልግሎት ጡረታ አበል ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል ደግሞ 1.65 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ በአሥራ አምስት ዓመት የታሰበላቸው 38.25 በመቶ ሲሆን በአሥራ ሰባት ዓመት ሊታሰብ የሚገባው 41.55 በመቶ ነበር። ለምሳሌ አማካይ ደመወዛቸው 2,000 ብር ቢሆን የመጀመሪያው 765 ብር፣ ሁለተኛው 831 ብር ይሆናል። በወር ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው፤ እርሳቸው ሲያልፉም የእናትህ አበል የሚሰላው ከዚሁ ላይ ነው። የውዝፍ ክፍያ ጥያቄ በይርጋ የሚታገድበት ጊዜ ስላለ ማስረጃው ሁሉ እስኪሟላ ሳትጠብቁ ማመልከቻውን ዛሬ ነገ ሳትሉ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥርና ቀን የተመታበትን ቅጂ አስቀሩ።

አንድ ያልጻፍኸው ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምጨነቀው ስለ እርሱ ነው። ደብዳቤው የስንብቱን ምክንያት ምን ብሎ ጽፎታል? "በጤና ጉድለት" ማለትና "በሥራ ምክንያት በደረሰ ጉዳት" ማለት አንድ አይደሉም። በዚያው አዋጅ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ ሰው የጉዳት ጡረታ አበል የሚያገኝ ሲሆን መጠኑም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት በነበረው ወር ያገኝ የነበረው ደመወዝ 47 በመቶ ነው። አባትህ የቆሰሉት ገና ደመወዛቸው አነስተኛ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ የአገልግሎቱ አበል ሊበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም በሁለቱም መንገድ ተሰልቶ የሚሻለው እንዲታይላቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። ይህ የሚቻለው ግን ምክንያቱ በትክክል ከተመዘገበ ብቻ ነው።

ውክልናን በሚመለከት፣ በወረዳችሁ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ የውክልና ሥልጣን ይበቃሃል። በውክልናው ላይ "በማናቸውም ጉዳይ" ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፤ ለመከላከያ ሚኒስቴርና ለማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት የማመልከት፣ ማኅደር የማየት፣ ግልባጭ የመውሰድ፣ ይግባኝ የማቅረብ ሥልጣን እንደተሰጠህ በግልጽ ይጻፍ።

የማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ጥያቄያችሁን ባይቀበል በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይግባኝ ይባላል። ማመልከቻችሁ መልስ ሳያገኝ ከቆየ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም። የአገር ደኅንነትንና መከላከያን የሚመለከቱ የሠራዊቱ ውሳኔዎች ከተቋሙ ሥልጣን ውጭ ናቸው፤ የአንድ ጡረተኛ ስምና የአገልግሎት ዘመን በትክክል አለመጻፉ ግን የአስተዳደር በደል እንጂ የደኅንነት ጉዳይ ስላልሆነ በአቤቱታው ላይ ይህንኑ አስረዱ።


የቢቸናው

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሳችሁን ለአባቴ ካነበብሁላቸው በኋላ ወረቀቶቻቸውን እንደገና አገላበጥን። የሥልጠና ማጠናቀቂያ የምስክር ወረቀታቸው ተገኘ፤ የተሰጠበት ቀን በ1991 ዓ.ም. ውስጥ ነው፤ መለያ ቁጥራቸውም በደብዳቤው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ነገር ግን በዚህኛውም ወረቀት ላይ የአያታቸው ስም በደብዳቤው ላይ እንዳለው ነው። አባቴን ስጠይቃቸው አያታቸው በአገር የሚታወቁት በዓለም ስማቸው ሆኖ፣ እርሳቸው ሲመለመሉ ግን የአያታቸውን የክርስትና ስም እንዳስመዘገቡ አስታወሱ፤ በዚያን ጊዜ በቤተሰቡ ዘንድ ሁለቱም ይጠሩ ስለ ነበር ልዩነት ያመጣል ብለው አላሰቡም። የስንብቱ ምክንያት ደግሞ በደብዳቤው ላይ "በጤና ጉድለት በቦርድ ውሳኔ" ብቻ የሚል ነው፤ ስለ መቁሰላቸው አንድም ቃል የለበትም።


ጡረተኛው ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

እንግዲህ ነገሩ ጠራ። ስሙን የተሳሳተ ጸሐፊ የለም፤ ከመጀመሪያው የተመዘገበው እርሱ ነውና ማመልከቻችሁ ውስጥ ስሙን ከግልበጣ ስህተቶቹ ጋር አትቀላቅሉት። ስሙ ጠበቃዋ እንዳለችው በወረዳው ፍርድ ቤት በኩል ይሂድ፤ የትውልድ ዘመኑና የቅጥር ዘመኑ ለመከላከያ ሚኒስቴር ይቅረቡ። የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን የአባትህን አያት የክርስትና ስም የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከሰጠቻችሁ፣ በአካባቢው የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሁለቱንም ስም እንደሚያውቁ ከመሰከሩ ፍርድ ቤቱ የሚቸገርበት ነገር አይኖርም። የምስክር ወረቀቱ በ1991 ዓ.ም. የተሰጠ መሆኑ ብቻውን አባትህ በ1992 አለመቀጠራቸውን ስለሚያሳይ ዋናውን ለማንም አትስጥ፤ የተረጋገጠ ቅጂውን ብቻ አያይዝ።

የቁስሉን ነገር በተመለከተ፣ ቦርዱ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ሐኪሞቹ የጉዳቱን ዓይነትና መነሻ ይጽፋሉ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚያሰፍረው የውሳኔውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ደብዳቤው እንዲለወጥ ሳይሆን በመጀመሪያ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንዲሰጣችሁ ነው። አባትህ በቆሰሉ ጊዜ የነበሩበት ክፍል የጻፈው የጉዳት ሪፖርትና የታከሙበት ሆስፒታል መዝገብም በዚያው እንዲፈለግ አመልክት። ሆስፒታል የካርድ ቁጥር ከሌለ መፈለግ ስለሚከብድ፣ አባትህ የታከሙበትን ወርና ዓመት የቻሉትን ያህል ያስታውሱ።


የቡሬዋ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጉዳያችን ስለሚመሳሰል ነው የገባሁት። የእኛ አባት በሠራዊቱ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለው ከተሰናበቱ በኋላ አርፈዋል። እናታችን የተተኪነት አበል ስትጠይቅ በአባታችን ማኅደር ላይ ሚስት እንዳላቸው አልተጻፈም ተባለች፤ ምክንያቱም ሲቀጠሩ ገና አላገቡም ነበር። የትውልድ ስፍራቸውም "ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ" ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን የቀበሌው ማስረጃ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ዞን ስለሚል ይህም ልዩነት ነው ተብለናል። ባለቤቱ በሕይወት ከሌለ ማረም ይቻላል ወይ?


ጠበቃ፣ ባሕር ዳር

እኅቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ማረም ይቻላል፤ ባለመብቶቹ እናንተ ስለሆናችሁ የምታመለክቱትም በራሳችሁ ስም ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነትና የሚስትነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ ታያይዛላችሁ። እናታችሁ በማኅደሩ ላይ አለመጻፏ ግን ስህተት አይደለም፤ ከቅጥር በኋላ የመጣ የቤተሰብ ሁኔታ ሳይመዘገብ መቅረት ነውና የሚያስፈልገው የጋብቻው ማስረጃ ብቻ ነው። ጋብቻው የተፈጸመው በባህል ወይም በቤተ ክርስቲያን ሆኖ በክብር መዝገብ ያልገባ ቢሆን እንኳ ፍርድ ቤት በምስክርና በሰነድ መኖሩን ያረጋግጣል። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የሟች የትዳር ጓደኛ የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ደግሞ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኝ ስለ ነበር፣ ከእናንተ መካከል አባታችሁ ባረፉ ጊዜ ልጅ የነበረ ካለ የእርሱም ጥያቄ አብሮ ይቅረብ።


ጡረተኛው ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ

የትውልድ ስፍራው ጉዳይ አያስጨንቅሽ፣ ልጄ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተቀጠረ ጎጃሜ ሁሉ ማኅደሩ የሚናገረው በክፍለ ሀገርና በአውራጃ ነው። የቢቸና፣ የሞጣ፣ የቆላ ደጋ ዳሞት፣ የአገው ምድር ሰው እየተባለ የተጻፈው ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ አዊ ተብሎ በዞን ይጠራል፤ ይህ የአስተዳደር ለውጥ እንጂ የሰውየው ልዩነት አይደለም። የወረዳችሁ አስተዳደር "ቀድሞ በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ሥር የነበረው ይህ ቀበሌ ዛሬ በዚህ ወረዳና በዚህ ዞን ይገኛል" ብሎ በአጭሩ ይጻፍላችሁ፤ ይህን የሚመልስ መዝገብ ቤት አላየሁም።


የቢቸናው

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ባንኩ የአባቴን ሒሳብ ቢያግደው ምን እናድርግ?


ጠበቃ፣ ባሕር ዳር

ባንኩ ከመጠየቁ በፊት እናንተ በጽሑፍ ቅደሙት። የሁለቱን መታወቂያዎች ቅጂ፣ ለወረዳው ፍርድ ቤት ያቀረባችሁትን የስም ማረጋገጫ ማመልከቻ የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ከደብዳቤ ጋር አያይዛችሁ ሒሳቡ ላለበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ስጡ፤ ጉዳዩ በሒደት ላይ መሆኑንም ግለጹ። ለማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍም በግልባጭ ይድረሰው፤ ምናልባት አበሉ በሒሳቡ በኩል መከፈሉ ቢቋረጥ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቆይ የሚያውቀው እርሱ ነው። የስም ማረጋገጫው ክርክር የሌለበት ማመልከቻ ስለሆነ ከሁሉ ጉዳዮቻችሁ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሂዱ።